የበረዶ ጠባቂው ማሳ

መሪጌታ ገብረመድኅን በረዶ ጠባቂ ነበሩ። ከገሳይ በላይ፣ ጉና ሥር ባለው ደብር አርባ ዓመት ሙሉ በረዶ ጠብቀዋል። አገሬው ገብሱን ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ዓይኑን የሚጥለው መጀመሪያ በእግዜር፣ ቀጥሎ በእሳቸው ነው። ክረምት ላይ ደመናው ከጉና ራስ ጠቁሮ ሲነሳ ዳዊታቸውን ብብታቸው ሥር ይሸጉጡና፣ ከሣር የተሠራችውን የዝናብ ገሳቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከቤታቸው በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ይወጣሉ። ደመናው እስኪያልፍ እዚያ ቆመው ይለምናሉ። ምን ብለው እንደሚለምኑ የሚያውቅ የለም። ጸሎቱን ሰው ከሰማው ኃይሉ ይጠፋል ስለሚባል በዚያን ሰዓት ውሻ እንኳ አይከተላቸውም። ለድካማቸው አዝመራ ሲገባ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ገብስ ይሰፍርላቸዋል።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፤ በረዶ የሚመታው የራሳቸውን ማሳ ነበር።

ጅብራ ጥግ የሚሏት ማሳ አለቻቸው፤ ከሰው ሁሉ እርሻ በላይ ናት። ከእሷ ወዲያ ጅብራ የሚባለው የውርጭ አገር ተክልና ድንጋይ ብቻ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ በረዶ ሰባት ስምንት ጊዜ ወርዷል፤ ሰባት ስምንት ጊዜም ጅብራ ጥግን ደቁሶ ከድንበሩ ድንጋይ ላይ ቀጥ ብሏል። ጎረቤታቸው ጌጤ፣ «መሪጌታ በረዶውን አይመልሱትም፣ ቤታቸው ነው የሚያሳድሩት» እያለች ሰው ታስቅባቸዋለች። የሷስ ይሁን፤ የገዛ ሚስታቸው ናት የባሰችው።

አሰለፈች የሐሙሲት ልጅ ናት። ጤፍ አገር አድጋ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ተድራ ወደ ብርድ የወጣች ሴት ናትና በረዶን እስከ ዛሬ አልለመደችውም። ማሳው በተመታ ቁጥር ምላሷ አያርፍም። «ለጎረቤት ሲሆን ይሰማዎታል፤ ለራስዎ ሲሆን ግን እግዜር እንቅልፍ ይወስደዋል። እንዴት ያለ ጸሎት ነው የያዙት?» ትላለች። እሳቸው ፂማቸውን ደባብሰው ፈገግ ይላሉ። «ምን ላድርግ አሰሉ፤ ዳገት ላይ ያለ ማሳ ነው» ብለው ወደ ዳዊታቸው ይመለሳሉ። ይህች ዳገት የምትባል ነገር አሰለፈችን አርባ ዓመት አቃጥላታለች።

ያም ሆኖ ትወዳቸው ነበር። ብታሾፍም እግራቸውን ሳታጥብ አድራ አታውቅም። ጉልበታቸው ከደከመ፣ ሳሉ ደረታቸው ውስጥ ቤት ከሠራ ወዲህ ደግሞ፣ ማታ ማታ ሲያስላቸው እሷ ናት የምትቆጥረው።

ጣልያን ደብረ ታቦር ከገባ ሦስተኛው ክረምት ነበር። የአንድ ልጃቸውን የትሁንን ባል፣ አያሌውን፣ በሐምሌ ወሰዱት። ቤቱ ሲፈተሽ አንድ ባዶ የጥይት ቀለህ ተገኘ፤ ጠመንጃ ደብቀሃል አሉት። ትሁን ኩሏን የምታስቀምጥበት ቀለህ ነው፤ መኳያ እንጨቷ ሳይቀር ተወትፎበታል። ጣቷ እስኪጠቁር ኩሉን እየቀባች ብታሳያቸው ማን ሊሰማት። ባሏን አሥረው ይዘውት ሄዱ። እሷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በየሳምንቱ ስንቁን አዝላ፣ ጭቃውን እያቦካች፣ ጎህ ሲቀድ ወጥታ እኩለ ቀን ላይ ደብረ ታቦር ትደርሳለች። አንዳንዴ ታየዋለች፤ አንዳንዴ ስንቁን ብቻ ይቀበሏታል። «በኔ ኩል ነው እማዬ» እያለች ስታለቅስ አሰለፈች ስንቁን ትቋጥርላታለች። ጅብራ ጥግን የሚያርሰውም ለሁለቱም ቤት አያሌው ነበር። መሪጌታ እርፍ መጨበጥ ከተዉ ቆይተዋል።

በዚያው ሰሞን ነው ባለ ሦስት እግሩ የመጣው።

የጣልያን መኮንን ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ አገሬው ፎቶግራፍ ማንሻውን በሚያቆምበት ባለ ሦስት እግር እንጨት ጠራው። ገሳይ ያድርና ማለዳ በበቅሎ ይመጣል። አስተርጓሚው ፈንታሁን የሚባል የአንበሳሜ ልጅ ነው። ጉና አምሮ የሚታየው ከመሪጌታ ጉብታ ነው ብሎ እንጨቱን እዚያው ተከለ። ጥቁር ጨርቅ ራሱ ላይ ጥሎ ጎንበስ ይላል፣ ይጠብቃል፣ ቀና ብሎ ጉሙን ይረግማል፣ ይመለሳል። ሰው አያነሳም። ጌጤ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ሦስት ቀን ከፊቱ ብትመላለስም እጁን አወናጭፎ ዞር በይ አላት። የሚፈልገው ተራራውን ነው።

አሰለፈች መቼም ሰው ደጇ ቆሞ ጦሙን ሲውል ማየት አይሆንላትም፤ ጣልያንም ቢሆን። ቆሎ ይዛ ወጣች። በዚያውም ስለ አያሌው ለመለመን ነው። ፈንታሁን ተረጎመላት። ሰውዬው ቆሎውን እየቆረጠመ ሰማና፣ ከደረት ኪሱ አንድ ፎቶግራፍ አወጣ። ተራራ ነው፤ ከጫፍ እስከ እግሩ ነጭ። ቤት አለ፣ ጣሪያው ነጭ። አጥር አለ፣ ነጭ። አንዲት አሮጊት ደጃፍ ላይ ቆማለች።

«አገሩ ነው ይላል» አለ ፈንታሁን። «እናቱ ናት። ብርድ ሲመጣ ሁሉም እንዲህ ይሆናል ይላል። ጉናንም እንዲህ ሆኖ አንስቶ ሊልክላት ይፈልጋል። ያለበት አገር የሷን አገር እንደሚመስል እንድታይለት።»

«ገብሳቸውስ?» አለች አሰለፈች።

ፈንታሁን ጠየቀላት። «ሥሩ ነው ይላል።»

«የምኑ ሥር?»

«የበረዶው። ተኝቶ ይከርምና ሲቀልጥ ይነሳል ይላል።»

አሰለፈች በሆዷ ይህ ልጅ ጣልያንኛው ገና አልገባውም አለች። የተደቆሰ ገብስ ሲነሳ አይታ አታውቅም።

ጨዋታ ለማሳመር ብሎ ጉዱን ያፈላው ፈንታሁን ነው። የዚህ ቤት ባለቤት በረዶ ያዛሉ፣ ና ሲሉት ይመጣል፣ ሂድ ሲሉት ይሄዳል ብሎ ለሰውዬው ነገረው። ባለ ሦስት እግሩ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። ጉናን አየ፣ አሰለፈችን አየና የሆነ ነገር ተናገረ።

«መስከረም ሲጠባ ወደ አገሩ ይሄዳል» አለ ፈንታሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያ በፊት መሪጌታ ተራራውን ነጭ አድርገው ካሳዩት አያሌውን አስፈትቼ እሄዳለሁ ነው የሚለው።»

ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ፈንታሁን ራሱ አላወቀም። አሰለፈች ግን በሁለት እጇ ነው የተቀበለችው። ቤት ገብታ ለመሪጌታ ነገረቻቸው።

መሪጌታ ዳዊታቸውን ከደኑ። «አሰሉ፣ እኔኮ አላዝም። እለምናለሁ እንጂ» አሉ። «አርባ ዓመት አትምጣ ስል ኖሬ ዛሬ ና ልበለው? ገብሱ ዘርዝሯል። የጌጤ ገብስ አለ፣ የደሃው ገብስ አለ።»

«ና አይበሉት» አለች። ያሰበችው ነው፤ ቃሉን አዘጋጅታ ነው የጠበቀችው። «ምንም አይበሉት። አንድ ቀን ብቻ ቤትዎ ይቀመጡ። የመጣ እንደሆነ በራሱ መጣ። ሰው አይታመም?»

አላዩዋትም። ያን ዕለት እራት አልበሉም።

ቡሄ ካለፈ በሳምንቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ደመናው ተነሳ። አሰለፈች ደጅ ቆማ አየችው፤ ሆዱ ነጣ ያለ፣ ዳሩ የጠቆረ። በረዶ የያዘ ደመና እንዴት ያለ እንደሆነ አርባ ዓመት አይታዋለች። ሳታስበው እግሯ ወደ ጓዳ ወሰዳት። ገሳውን ከተሰቀለበት አውርዳ ጎተራው ውስጥ ከተተችው። ያለ ገሳ በዚያ ሳል እንደማይወጡ ታውቃለች። እሳቱ ዳር መጥታ ተቀመጠች።

መሪጌታ ዳዊታቸውን ይዘው ተነሱ። እጃቸው ባዶውን ግድግዳ ዳበሰ።

«ገሳዬን አላየሽውም አሰሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

ቆመው አዩዋት። እሷ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፤ ቀና ማለት አልቻለችም። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉና ሳሉን እንደያዙ ወጡ።

ነጎድጓዱ ቤቱን ነቀነቀው። ቀጥሎ ዝናቡ መጣ። አሰለፈች ለትሁን ብዬ ነው አለች ለራሷ። አያሌው ይፈታል፣ ልጁ አባቱ ባለበት ይወለዳል። ሰው ገብስ ቢያጣ ሌላ ዓመት አለ። ይህን ሁሉ ብላ ሳትጨርስ ከዝናቡ ማዶ ሳሉን ሰማችው። ማታ ማታ እንደምትቆጥረው መቁጠር ጀመረች። አራት ስትል ተነሳች። ገሳውን ከጎተራው መዥርጣ አውጥታ በባዶ እግሯ ዳገቱን ሮጠችው።

ጸሎቱ ሰው ከሰማው ኃይሉ ይጠፋል የሚባለው ትዝ ያላት እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው። ከጀርባቸው ሦስት እርምጃ ላይ ገሳውን ዘርግታ ቀጥ አለች። ጋቢው ሰውነታቸው ላይ ተለጥፎ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ በግዕዝ ነበር፤ አልገባትም። ከዚያ በአማርኛ ሆነ። ጎረቤት ደጅ ቆመው የሚያወሩ እንጂ የሚጸልዩ አይመስሉም።

«ጌታዬ፣ ልጄን ታውቃታለህ። አያሌውንም ታውቀዋለህ። ዛሬ ስለነሱ አልለምንህም፤ ብጀምር ምላሴ ይከዳኛል። ይህን የያዝከውን በረዶ ሰው ወደማይዘራበት፣ ከብት ወደማይሰማራበት ውሰደው። የሰው አትንካ። ቦታ ካጣህለት ደግሞ እንደ ሁልጊዜው የኔ ማሳ አለልህ። ጅብራ ጥግን ታውቃታለህ። እዚያ አውርደው።»

አሰለፈች የዘረጋችውን ገሳ ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

እንደ ሁልጊዜው አሉ። የተመታው ገብስ ሁሉ፣ ሰባቱም ስምንቱም ዓመት፣ አንድ ባንድ መጣባት። ከሐሙሲት ወንድሟ ጤፍ የላከላት ዓመት፣ ትሁን ወተት አጥታ ያለቀሰችበት ዓመት፣ «እንዴት ያለ ጸሎት ነው የያዙት» ያለችበት ሁሉ። ይኸው ጸሎቱ። ልትጮህባቸው ፈለገች፤ ልታቅፋቸውም ፈለገች። ሁለቱንም አላደረገችም። ሄዳ ገሳውን ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው።

ዘለው ዞሩ። ፊታቸው ከል መሰለ። «ሰማሽ?»

«ዝናቡ መች ያሰማል» አለች፤ እንባዋን ዝናቡ ያዘላት።

በረዶው ያን ጊዜ ወረደ። ድምፁን ሰሙት፤ ከላይ፣ ከጉና ራስ ጀምሮ ሲንኳኳ መጣ። ሁለቱ ጉብታው ላይ በአንድ ገሳ ሥር ተጠጋግተው ቆሙ። ሲያበቃና ሲገልጥ ጉና ከጫፍ እስከ ጅብራው ነጭ ሆኗል። ጅብራ ጥግም ነጭ ሆናለች። ከድንበሩ ድንጋይ ወዲህ የሰው ገብስ ሁሉ ዝናቡ ከማጠቡ በቀር አልተነካም፤ ቆሟል።

በረዶው በጉና ብርድ ሳይቀልጥ አደረ። ባለ ሦስት እግሩ ማለዳ በቅሎውን እያጣደፈ ደረሰ። ጨርቁ ሥር ገባ፣ ወጣ፣ እንጨቱን ከዚህ እዚያ አዘዋወረ፤ ደስታው የሕፃን ደስታ ነው። መጨረሻ ላይ እንጨቱን ተሸክሞ ጅብራ ጥግ ድረስ ወጣ። እዚያ አሰለፈችን አገኛት። በረዶውን በእጇ እየጠረገች፣ ለከብት እንኳ ይሆናል ብላ የተቆራረጠውን ገብስ ትለቅማለች።

አያትና በፈንታሁን ጠየቀ። «ገብሱ መቼ ይነሳል ይላል» አለ ፈንታሁን አንገቱን ደፍቶ። «ሲቀልጥ ወዲያው ነው ወይስ ይቆያል?»

ያን ጊዜ ገባት። ልጁ ጣልያንኛው አላነሰውም ነበር። ሰውዬው የምሩን ነው። በረዶ ማለት ለእሱ ገብስን አቅፎ የሚያከርም ብርድ ልብስ ነው፤ ምን እንደለመነ አያውቅም። ተናዳ ነበር፤ ንዴቷ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም። እጁን ያዘችና አንድ ዘለላ ገብስ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። እሸቱ ፈርጦ ወተቱ ፈስሶ አልቋል፤ ገለባው ብቻ ነው። በጣቱ አሸው። ሌላ አነሳ፣ እሱንም አሸው። ቆቡን አወለቀና ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየው። የሆነ ነገር አጉረመረመ።

«ምን ይላል?» አለች።

«አላወቅሁም ነበር ነው የሚለው» አለ ፈንታሁን።

እንጨቱን አጣጥፎ ወረደ። ያን ዕለት ሌላ አላነሳም።

የአገሬው አፍ ደግሞ ተከፈተ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከደብሩ ጽድ ሥር፣ መሪጌታ ለጣልያን ብለው በረዶ ጠሩ፣ እኛን ያተረፈን ታቦቱ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። አሰለፈች ሰማች። አርባ ዓመት ስታሾፍባቸው አፏን የያዘ አልነበረም። አሁን ልትመሰክርላቸው ስትል አፏ ተያዘ፤ የሰማችው እንዳይሰማ የተባለ ነው። መካከላቸው ገብታ ቆመች።

«የማን ገብስ ነው የተመታው?» አለች።

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጉልበት አላገኘም።

ለዘመን መለወጫ ሁለት ቀን ሲቀረው ትሁን ከደጅ «እማዬ» ብላ ጮኸች። አያሌው ከፈንታሁን ጋር ዳገቱን እየወጣ ነው። ከስቷል፤ ራሱን ተላጭቷል። የአማቶቹን ጉልበት ስሞ፣ የሚስቱን ሆድ አይቶ፣ ምንም ሳይቀምስ ወደ ጅብራ ጥግ ወጣ። ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«የተመታው የኛ ብቻ ነው?»

«የኛ ብቻ» አለች አሰለፈች።

አያሌው መሪጌታን አየ። መሪጌታ ዳዊታቸውን ያገላብጣሉ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ሄዶ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ።

ባለ ሦስት እግሩ አያሌውን አስፈትቶ ሄዷል። በፈንታሁን እጅ አንድ ፎቶግራፍ ልኳል፤ ሌላው ለእናቱ ሄደ። አሰለፈች ወደ ብርሃን ይዛው ወጣች። ጉና ነጭ ነው። ከሥሩ፣ ከጅብራዎቹ ዝቅ ብላ፣ አንዲት ነጭ ቁራጭ አለች፤ ከእሷ ወዲህ ሁሉም ጠቁሮ የቆመ ገብስ ነው።

«የሚያሳዝነው፣ ሰው አላነሳበትም» አለ ፈንታሁን። «ተራራ ብቻ።»

«እህ» አለች አሰለፈች። ጣቷን ነጯ ቁራጭ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። አርባ ዓመት አብራቸው ኖራ ፊታቸውን የሚያሳይ ሥዕል ኖሯት አያውቅም። ይሄኛው ግን የሳቸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ እሳቸውን የሚመስል አይገኝም። ወስዳ የዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተተችው።

ኅዳር ላይ አገሬው ቁናውን ይዞ መጣ። ጌጤ ሁለት ይዛ መጣች። «አንዱ የመሪጌታ ነው። ሁለተኛው ለትሁን የአራስ ገንፎ» አለች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። ያን ዓመት በዚያ ቤት የተራበ አልነበረም። የትሁን ልጅ ሴት ሆነች።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ደመናው እንደገና ሆዱን አንጥቶ ተነሳ። መሪጌታ ዳዊታቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሲነሱ ገሳው ተይዞ ቀርቦላቸዋል። አሰለፈች ትከሻቸው ላይ አለበሰቻቸው፤ አንገታቸው ሥር አጥብቃ አሰረችላቸው። ማሰሪያውን ሳትለቅ ጎንበስ ብላ ወደ ጆሯቸው ተጠጋች።

«ዘንድሮ የኛ ማሳ አለልህ ይበሉት።»

ደንግጠው አዩዋት። «ሰምተሽ ኖሯል» አሉ።

«ይሂዱ፣ ደመናው ደረሰ» አለች አሰለፈች፤ እግራቸውን የምታጥብበትን ውሃ ልትጥድ ገባች።